ቃልን በመስመር መጨረሻ ስለ መክፈል፤ ከመንዝ ብራናዎች እስከ ኮምፒዩተር ላይብረሪ መግለጫ ሰነድ

በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል የመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ሳያልቅ ቢቀር፣ ቀሪው ክፍል ብቻ ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገር ወይስ ቃሉ በሙሉ ይውረድ የሚለው ጥያቄ ከማተሚያ ቤት ሠራተኛ በቀር ማንንም የሚያሳስብ አይመስልም። ነገር ግን «አልመጣም» የሚለው ቃል «አል» ላይ ተከፍሎ «መጣም» በሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ቢውል፣ በመካከሉም አንዳች ምልክት ባይኖር፣ ንባብን ገና በመልመድ ላይ ያለ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚያገኘው የቃሉን ተቃራኒ ትርጉም ነው። በመንዝ ደጋ የሚያድግ ልጅ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀው «በጎች» የሚለው ቃል እንኳ ከሦስተኛው ፊደል በፊት ቢቆረጥ በመስመሩ ጫፍ የሚቀረው «በጎ» ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሌላ ቃል ነው።

ዛሬ ይህን ውሳኔ በአብዛኛው የሚሰጠው ፊደል ለቃሚው ወይም አራሚው ሳይሆን በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀመጠ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ማለት አንድ የተወሰነ ተግባር ለመፈጸም አስቀድሞ የተጻፈና ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች በየጊዜው እየጠሩ የሚገለገሉበት የመመሪያዎች ስብስብ ነው። ቃል የሚከፍለው ላይብረሪ አንድ ቃል ይቀበላል፤ ቃሉ በየትኞቹ ቦታዎች ላይ ሊከፈል እንደሚችል አመልክቶ ይመልሳል። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ የላይብረሪውን ውስጠ ነገር አያየውም። ሊያየው የሚችለው ከላይብረሪው ጋር የሚወጣውን መግለጫ ሰነድ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ስለ አማርኛ ዝም ካለ ወይም የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎችን ደንብ ደግሞ ካለፈ፣ ጉድለቱ ሳይታወቅ እስከ ተማሪው እጅ ድረስ ይጓዛል።

የብራናው ሥርዓት

የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር፣ ሥራው ከተዳረሰባቸው የሸዋ ገጠሮች መካከል በዚያን ጊዜ የመንዝና ግሼ አውራጃ እንዲሁም የመርሐ ቤቴ አውራጃ ይባሉ የነበሩት ይገኙበታል። ሥራው የተካሄደው በኢትዮጵያና በአሜሪካ፣ ሚነሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ትብብር ሲሆን፣ በጠቅላላው ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ካታሎጉን በመጀመሪያ ዊልያም ማኮምበር፣ ኋላም ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጅተውታል። በዚህ የተነሣ ከደጋው አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ሳይወጡ የኖሩ መጻሕፍት ሥርዓተ ጽሕፈት ዛሬ በርቀት ላለ ተመራማሪም ሊታይ የሚችል ሆኗል።

ቁም ጸሐፊው መጻፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ የብራናውን ጠርዝ በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያም በቀለም ሳይሆን በጫና ብቻ መስመሩንና የዓምዱን ወሰን ያሰምራል። ገጹ ብዙ ጊዜ በሁለት፣ በታላላቆቹ መጻሕፍትም በሦስት ዓምድ የተከፈለ ስለሆነ አንድ መስመር የሚይዘው ጥቂት ቃላትን ብቻ ነው። ጸሐፊው የዓምዱ ወሰን ላይ ሲደርስ ቃሉን ባለበት ፊደል ላይ ይተወዋል፤ ቀሪውንም ያለ ጭረትና ያለ ሌላ ምልክት በሚቀጥለው መስመር ይጀምራል። የላቲን ፊደል አንባቢ ይህን ቢያይ ግዴለሽነት ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሥርዓቱ የራሱ የሆነ ጥብቅ ምክንያት አለው። በብራናው ላይ ቃል ማለቁን የሚያስታውቀው የመስመሩ ማለቅ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ እስካልታየ ድረስ ቃሉ አላለቀም፤ አንባቢውም ዓይኑን ወደ ታችኛው መስመር አውርዶ ይቀጥላል። ሌሎች ሕዝቦች በጭረት የሚያመለክቱትን የግዕዝ ጽሕፈት ያመለከተው ሁለት ነጥብን ባለማስቀመጥ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን ለትምህርት ሰዎች ከፍ ያለ ትርጉም ያለው አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ፣ ቁም ንባብን የሚያጠናበት ዋናው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። መዝሙረ ዳዊት እንደ ሌሎቹ መጻሕፍት በሁለትና በሦስት ዓምድ አይጻፍም፤ ገጹ አንድ ዓምድ ብቻ ሆኖ እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ይውላል። ስንኙ ረዝሞ ከመስመሩ የተረፈ እንደሆነ ጸሐፊው የቀሩትን ፊደላት እዚያው በመስመሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይጽፋቸዋል እንጂ ለእነርሱ ሲል አዲስ መስመር አይጀምርም። እንግዲህ ቃልን በማንኛውም ፊደል ላይ መክፈልን የለመደው ያው የጽሕፈት ባህል፣ የጀማሪ አንባቢ እጅ በሚነካው መጽሐፍ ላይ ሌላ ሥርዓት ይከተላል ማለት ነው። የዚህ አጻጻፍ ምንጭ የመዝሙሩ ስንኝ እንጂ ለልጆች የታሰበ ዘዴ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ውጤቱ ያው ነው።

ሁለት ነጥብ ሲቀር

የኅትመት ሥራ እየተስፋፋ፣ የጽሕፈት መኪናም በየመሥሪያ ቤቱ እየተለመደ ሲሄድ ሁለት ነጥብ ቀስ በቀስ ቦታውን ለባዶ ቦታ ለቀቀ። ለዓይን ቀለል ያለና ጊዜ የሚቆጥብ በመሆኑ ለውጡን ማንም አልተቃወመውም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ነጥብ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ቃላትን ይለያል፣ በመስመር ጫፍ ላይም ቃል አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን ይመሰክራል። ባዶ ቦታ የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ ተክቶታል። ሁለተኛውን ሊተካ አይችልም፤ በመስመር ጫፍ ያለ ባዶ ቦታ አይታይምና። ስለዚህ ሁለት ነጥብ ከቀረ በኋላ ቃልን እንደ ብራናው ያለ ምልክት በማንኛውም ፊደል መክፈል፣ ከአንድ ሥርዓት ግማሹን አስቀርቶ በግማሹ ለመጠቀም እንደ መሞከር ይቆጠራል።

የኮምፒዩተር ዓለም ይህን ችግር በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ተቀብሎታል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ የመስመር አቆራረጥን የሚወስነው የዩኒኮድ ደንብ ፊደሎቻችንን እንደ ላቲን ፊደላት በመቁጠር በሁለት ፊደላት መካከል መቁረጥን አይፈቅድም፤ ከሁለት ነጥብ በኋላ ግን መቁረጥን ይፈቅዳል። በዚህ የተነሣ ተራው የጽሕፈት ፕሮግራም የማይበቃውን ቃል በሙሉ ወደ ታች ያወርዳል። የድረ ገጽ ጽሑፍን አቀማመጥ የሚገዛው የሲ.ኤስ.ኤስ. ደንብ ግን በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ሁለት ዓይነት ልማድ እንዳላቸው፣ አንደኛው በቃላት መለያ ላይ ብቻ የሚቆርጥ፣ ሌላው በቃል ውስጥም በፊደላት መካከል የሚቆርጥ መሆኑን ለይቶ ይገልጻል። ይህ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም መልካም የሰነድ አጻጻፍ ምሳሌ ነው። ልማዱን በትክክል አይቶ ምርጫውን ለተጠቃሚው ትቶለታልና።

ቃሉን በሙሉ ማውረድ ለሰፊ ገጽ ይበቃል። ዓምዱ ጠባብ፣ የሁለቱም ጠርዝ አሰላለፍ እኩል እንዲሆን የተፈለገ እንደሆነ ግን በቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል፤ የአማርኛ ግሥ ቅጥያ ሲደራረብበት ረጅም ነውና። «እንዳላስተዋወቃቸው» የሚለው አንድ ቃል 11 ፊደላት አሉት።

ማሽኑ የሚከፍልበት ዘዴ

ብዙዎቹ ቃል ከፋይ ላይብረሪዎች የቆሙት በአንድ ዘዴ ላይ ነው። ፍራንክሊን ሊያንግ እ.ኤ.አ. በ1983 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ዶናልድ ክኑዝ ለፈጠረው ቴክ ለተባለው የኅትመት ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይህን ዘዴ አዘጋጀ። ዘዴው መዝገበ ቃላትን በሙሉ ከመያዝ ይልቅ አጫጭር የፊደል ንድፎችን ይይዛል። በንድፉ ፊደላት መካከል ቁጥር ይገባል፤ ኢተጋማሽ ቁጥር መክፈልን ይፈቅዳል፣ ተጋማሽ ቁጥር ይከለክላል፤ ሁለት ንድፎች በአንድ ቦታ ላይ ቢገናኙ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ስብስብ 4,447 ንድፎችና 14 ልዩ ቃላት ብቻ ሲኖሩት፣ በተመሠረተበት መዝገበ ቃላት ውስጥ ካሉት የመክፈያ ቦታዎች 89 በመቶ ያህሉን ለማግኘት ችሏል። ከዚህም ሌላ ከቃሉ መጀመሪያና መጨረሻ ስንት ፊደላት ሳይነጠሉ መቅረት እንዳለባቸው የሚወስን ቁጥር አለ፤ ለእንግሊዝኛ ከፊት 2፣ ከኋላ 3 ነው።

ለቴክ ፕሮግራም ከተሰበሰቡት የልዩ ልዩ ቋንቋዎች ንድፎች መካከል በአርተር ሮይተናወርና በሞይሳ ሚክላቬትስ የተዘጋጀ የግዕዝ ፊደል ስብስብ ይገኛል። ስብስቡ ለሙከራ የተዘጋጀ መሆኑን በራሱ ላይ የሚያስታውቅ ሲሆን፣ በስሙም ላይ የአማርኛ መለያ ሳይሆን «ብዙ ቋንቋዎች» የሚል ትርጉም ያለው መለያ ተሰጥቶታል። ይህ መለያ ቀላል ነገር አይደለም። ደንቡ የተወሰደው ከአንድ ቋንቋ አነጋገር ሳይሆን ከፊደሉ የጽሕፈት ልማድ መሆኑን፣ ማለት በየፊደሉ አጠገብ መክፈልን የሚፈቅደው የቁም ጸሐፊው ሥርዓት መሆኑን ለሚያስተውል ሰው ይነግራል። የሚያስተውለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ስብስቡን የአማርኛ ሰዋስው ውጤት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃልን የሚከፍሉት በክፍለ ቃል ወይም በምዕላድ ወሰን ነው። ይህን ደንብ እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት የማይቻለው ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚጽፍ ነው። ከላይ በተጠቀሰው «እንዳላስተዋወቃቸው» ውስጥ «እንድ» እና «አል» የሚለያዩበት ወሰን የሚገኘው «ዳ» በሚለው ፊደል ሆድ ውስጥ ነው፤ ድና አ ተዋሕደው ዳ ሆነዋልና። «አል» እና «አስ» የሚለያዩበትም እንዲሁ በ«ላ» ውስጥ ነው። የክፍለ ቃል ወሰንም ቢሆን ተነባቢው በሚጠብቅበት ጊዜ ፊደሉን ለሁለት ይከፍለዋል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ በጠበቀው ንባብ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል የሚያልቀው በ«ለ» ፊደል መካከል ነው። «ገና» የሚለውም በዓሉን ሲያመለክት ይጠብቃል፣ ጊዜን ሲያመለክት ይላላል። መጥበቅ በጽሑፍ ስለማይታይ ማሽኑ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲታይ ሥራው ተስፋ የሌለው ሊመስል ይችላል። እንዲያውም ፊደሉ ራሱ ያዘጋጀው ቀላል መውጫ አለ። በአማርኛ አናባቢ የሚከተለው ተነባቢ ዘወትር የክፍለ ቃል መነሻ ነው። ከሳድስ በቀር ያሉት ስድስቱ ረድፎች ደግሞ ምንጊዜም አናባቢ አላቸው። ስለዚህ ሳድስ ካልሆነ ፊደል በፊት መክፈል ከክፍለ ቃል ወሰን ጋር ይስማማል፤ ፊደሉ የሚጠብቅ ቢሆንም እንኳ ከወሰኑ አጠገብ ይውላል። ሳድስ ግን አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አናባቢ የለውም፤ ስለዚህ ከሳድስ በፊት አለመክፈሉ ይመረጣል። በ33ቱ የፊደል ቤቶች ይህ 198 ንድፎች ማለት ነው፤ ዲቃላ ፊደሎች ሲጨመሩ ጥቂት ከፍ ይላል። ከፊትም ከኋላም ቢያንስ ሁለት ፊደላት ይቅሩ የሚል ገደብ ሲታከልበት «እንዳላስተዋወቃቸው» ካሉት 10 የውስጥ ቦታዎች በ7ቱ ይከፈላል፤ ሰባቱም ለጆሮ የሚስማሙ ናቸው።

ደንቡን በአካባቢው ስሞች መፈተን ይቻላል። «መንዝ» ከመጀመሪያው ፊደል በኋላ ያሉት ሁለቱም ሳድስ ስለሆኑ አይከፈልም፤ በአንድ ክፍለ ቃል የሚነገር ስለሆነም ይህ ትክክል ነው። «ግሼ» እና «ሞላሌ» በማጠራቸው ምክንያት ገደቡ ይጠብቃቸዋል። «መርሐቤቴ» ተያይዞ የተጻፈ እንደሆነ «መር-ሐቤቴ» ወይም «መርሐ-ቤቴ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ስሙ ከተሠራባቸው ቃላት ጋር ስለሚስማማ በልዩ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እርሱ ብቻ እንዲፈቀድ ማድረግ ይገባል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው «በጎች» ሳይከፈል ይቀራል። በአንጻሩ «ትምህርትና» የሚለው ቃል «ትም-ህርትና» ተብሎ በመልካም ሁኔታ ሊከፈል ሲችል ደንቡ ይከለክለዋል። ይህ ጉድለት ነው። ሆኖም መክፈል ሲቻል አለመክፈል የሚያስከትለው ትንሽ ክፍተት ብቻ ስለሆነ በተሳሳተ ቦታ ከመክፈል የተሻለ ነው።

«አልመጣም» ግን በዚህም ደንብ ቢሆን «አል-መጣም» ሆኖ ይከፈላል። በክፍለ ቃል በኩል ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ በትርጉም በኩል ነው። በሊያንግ ዘዴ በንድፉ መጀመሪያ ላይ የሚገባ ነጥብ የቃልን መነሻ ያመለክታል። ስለሆነም በቃል መነሻ ላይ ከሚገኙት «አል» እና «አይ» በኋላ 2 ቁጥርን የሚያስቀምጡ ሁለት ንድፎች ቢጨመሩ፣ ክልከላው ፈቃዱን አሸንፎ ቃሉ «አልመ-ጣም» ተብሎ ብቻ እንዲከፈል ያደርጋሉ። «አልመ» ብቻውን ትርጉም የሌለው መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፤ አንባቢው ቃሉ እንዳላለቀ ወዲያው ያውቃል።

መግለጫ ሰነዱ ሊይዘው የሚገባው

የላይብረሪ መግለጫ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ተግባሩ በምን ስም እንደሚጠራ፣ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ፣ በምን ፈቃድ እንደሚሠራጭ ይገልጻል። ይህ አስፈላጊ ቢሆንም ለአማርኛ ግን በቂ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ሰነዱ ላይብረሪው ከሁለቱ ሥርዓቶች የትኛውን እንደሚከተል በግልጽ መናገር ይኖርበታል። ጽሑፉ በሁለት ነጥብ የተለየ ከሆነ በማንኛውም ፊደል ያለ ጭረት መክፈል ይቻላል፤ ሁለት ነጥቡ ግን በመስመር ራስ ላይ መዋል የለበትም። ጽሑፉ በባዶ ቦታ የተለየ ከሆነ በመክፈያው ላይ ጭረት መግባት አለበት፤ መክፈያውም በክፍለ ቃል ደንብ የተወሰነ መሆን አለበት። የብራና መጽሐፍ ቅጂ የሚያሳትም ምሁርና የክልል ትምህርት ቢሮ መጽሐፍ አዘጋጅ በአንድ ዓይነት ምርጫ ሊገለገሉ አይችሉም።

ጭረቱን በእጅ ማስገባት እንደማያስፈልግ፣ እንዲያውም ጎጂ እንደሆነ መጻፍም ተገቢ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ የሚተይቡ ሠራተኞች መስመሩ የጠበባቸው ጊዜ ጭረቱን ራሳቸው ይመቱታል። ገጹ እንደገና ሲቀናበር ያ ጭረት ከመስመር ጫፍ ወደ መስመር መካከል ይሸሽና «ተማ-ሪዎች» የሚል ቃል ታትሞ ይወጣል፤ በኮምፒዩተር ቃሉን ለሚፈልግ ሰውም ቃሉ አይገኝለትም። ላይብረሪው የሚያስቀምጠው ጭረት ግን የሚታየው በመስመር ጫፍ ላይ ሲውል ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ለትምህርት ሥራ የሚያስፈልገው ላይብረሪው ሊዘጋ የሚችል መሆኑን የሚያስረዳው ክፍል ነው። የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ጥናት የብዙ ልጆች ንባብ ከሚጠበቀው በታች መሆኑን ከተረዳ በኋላ፣ በአማርኛና በሌሎች ስድስት የአገር ውስጥ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። በእነዚህ ክፍሎች ልጁ ቃሉን በአንድ ዕይታ መያዝን ገና ይለማመዳል። በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ዙሪያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነበው ነገር እምብዛም ስለሌለው፣ ቃል ተከፍሎ ቢያጋጥመው በሌላ ገጽ ሙሉውን አግኝቶ የሚያርምበት ዕድል ጠባብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ መምህሩ አጠገቡ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ዳዊቱንም በጆሮው ስለሚይዘው፣ ቃሉ ቢከፈልበት እንኳ ጆሮው ይረዳው ነበር። ስለዚህ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ መጻሕፍት መክፈሉ ጨርሶ ተዘግቶ የቀኙ ጠርዝ እኩል ሳይሆን ቢቀር ይሻላል። የገጹ ውበት በመጠኑ ይቀንስ ይሆናል፤ በመዝሙረ ዳዊት ብራና ላይም የቀኙ ጠርዝ እንደ ስንኙ ርዝመት ወጣ ገባ ነው።

በሰነዱ መጨረሻ የመፈተኛ ቃላት ዝርዝር ከሚጠበቀው መልስ ጋር መቅረብ አለበት። ላይብረሪው በተሻሻለ ቁጥር ዝርዝሩ እንደገና ተሞክሮ ውጤቱ መመዝገብ ይኖርበታል። በዝርዝሩ ውስጥ ፈጽሞ የማይከፈሉ እንደ «መንዝ» ያሉ፣ በአንድ ቦታ ብቻ የሚከፈሉ እንደ «መርሐቤቴ» ያሉ፣ በአሉታ የሚጀምሩ እንደ «አልመጣም» እና «አይመጣም» ያሉ፣ እንዲሁም ደንቡ ሊከፍላቸው ሲገባ የሚያልፋቸው እንደ «ትምህርትና» ያሉ ቃላት ሊገቡ ይገባል። ልዩ ቃላትን የሚጨምረው ማን እንደሆነ፣ አንድ መምህር የተሳሳተ አከፋፈል በመጽሐፍ ላይ ቢያገኝ ለማን እንደሚያመለክትም በአማርኛ መጻፍ አለበት፤ እስካሁን በዚህ መስክ የሚገኙት ሰነዶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፉ ናቸውና።